«ሆልድ ኦፍ» ማለት ክፈሉ ነው አትክፈሉ? ቢሮ ውስጥ ተፋጠናል

ለገሃሬ_ሠፈር፦

ሰላም ጀመዓ። ድሬዳዋ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። በጅቡቲ ወደብ ስለሚገባ ዕቃ ከውጭ ወኪሎች ጋር በእንግሊዝኛ እንጻጻፋለን። ዛሬ ጠዋት ከአንዱ ኢሜይል መጣ። ኮንቴነሩ «ሄልድ አፕ» ሆኗል ይላል። ወረድ ብሎ ቀሪውን ክፍያ «ሆልድ ኦፍ» አድርጉ ይላል። ግራ ሲገባን ደወልን። ሰውየው «ሆልድ ኦን» አለና ሙዚቃ ከፈተብን።

ባልደረባዬ «ሆልድ ማለት ያዝ ነው። ገንዘቡን ይዛችሁ ጠብቁኝ ማለቱ ነው፣ ዛሬውኑ ባንክ እንሂድ» ብሎ ድርቅ አለ። ለእኔ ደግሞ «አትክፈሉ» ያለ ነው የሚመስለኝ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ቼኩን ይዛ በሁለታችን መሃል ተቀምጣለች።

መዝገበ ቃላት አይተናል። «ሆልድ» ብቻውን ገጽ ይሞላል። አንዱን ግስ ጭራውን እየቀያየሩ ነው የሚያመጡት። «ሉክ»ም እንደዚያው፣ «ፑት»ም፣ «ተርን»ም። የምትለዩበት ዘዴ ካላችሁ አካፍሉን።

የከዚራ_ጥላ፦

አንተ ነህ ትክክል። ቼኩን ወደ መሳቢያዋ ትመልሰው።

«ሆልድ ኦፍ» ማለት ለጊዜው ተዉት፣ እስክነግራችሁ አታድርጉት ማለት ነው። «ሄልድ አፕ» ደግሞ ዕቃው የሆነ ቦታ ታግዶ ዘግይቷል ነው። ጉምሩክ ይሁን፣ መርከብ ይሁን፣ ሰነድ ይሁን ከቃሉ አይታወቅም፤ ያንን ጠይቁት። «ሆልድ ኦን» ስልክ ላይ «አንዴ ጠብቁኝ» ነው። ባጃጅ ውስጥ ከተባልክ ግን ጠበቅ አድርገህ ያዝ ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ። «ባንኩ ሄልድ አፕ ሆነ» ከተባለ በመሣሪያ ተዘረፈ ማለት ነው። የጭነት መኪና ድንበር ላይ «ሄልድ አፕ» ሲሆን ግን ሰልፍ ይዞታል እንጂ ወንበዴ አልያዘውም። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ አትደንግጡ።

አቦ_ድሬ፦

ኪኪኪ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻ ናት የገባት። ቼኩን «ሆልድ» አድርጋ ክፍያውን «ሆልድ ኦፍ» አድርጋለች። ደመወዝ ይጨመርላት አቦ!

ቲቸር_ሳቢያን፦

ጥያቄው ተመልሷል። እኔ የምጨምረው ለምን እንደሚያምታታን ነው።

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ «ፖስትፖን» ያውቃሉ፣ «ፑት ኦፍ» አያውቁም። «ኤክስቲንጉዊሽ» ያውቃሉ፣ «ፑት አውት» አያውቁም። «ቶለሬት» ያውቃሉ፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ሲባሉ ይደነግጣሉ። ጥንዶቹ ተመሳሳይ ትርጉም ነው ያላቸው። የመጀመሪያው ማስተላለፍ፣ ሁለተኛው እሳት ማጥፋት፣ ሦስተኛው ችሎ መኖር ነው። እኛ ከባዱን እናውቃለን፤ ቀላሉ ነው የሚጥለን።

ነገሩ ታሪክ አለው። በፈረንጆቹ 1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ቤተ መንግሥቱና ሹማምንቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆኑ። ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርቱ በላቲን ነበር። ገበሬው በራሱ ቋንቋ ቀጠለ። ስለዚህ እንግሊዝኛ እስከ ዛሬ ለአንድ ነገር ሁለት ቃል አለው፤ አንዱ የሸንጎ፣ አንዱ የቤት። «ፑት»፣ «ሉክ»፣ «ሆልድ» የቤቶቹ ናቸው። «ጌት» እና «ቴክ» ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው ከገቡት ከስካንዲኔቪያ ሰዎች የመጡ ናቸው። እነዚህ አጫጭር ግሶች ናቸው ጭራ እየቀጠሉ የሚባዙት።

እኛ እንግሊዝኛን ከጎረቤት አልሰማነውም። ከመማሪያ መጽሐፍ ነው ያገኘነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። መጽሐፍ የሸንጎውን ቃል ይወዳል። ልጁ «ፎቶሲንተሲስ» ሳይደናቀፍ ያስረዳሃል፤ «ሃው አር ዩ ጌቲንግ ባይ?» ስትለው ዝም ይላል። እንዴት ነው ኑሮን የምትገፋው ማለት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ጡረተኛው_ባቡር፦

ልጆቼ፣ ቲቸር ያለው እውነት ነው። እኔ ከፈረንሳይኛ ነው ወደ እንግሊዝኛ የመጣሁት። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1902 በፈረንጆቹ ነው፤ ከዚያ በኋላ የባቡሩ ሥራ በፈረንሳይኛ ነበር። «ቶለሬት» ሲሉኝ ወዲያው ገባኝ፣ በፈረንሳይኛ «ቶሌሬ» ነውና። «ፑት አፕ ዊዝ» ሲሉኝ ግን ዕቃ ከፍ አድርጌ ላስቀምጥ ነው የተነሳሁት።

እንግዳ_ከሸገር፦

ቲቸር፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ ትልቅ ትምህርት ነው የሰጡን። እባክዎ ጭራዎቹ ራሳቸው ትርጉም እንዳላቸው ቢያብራሩልን?

አቦ_ድሬ፦

ወንድሜ እዚህ «እርስዎ» የለም። ድሬ ነው ያለኸው። አንተ በለው፣ አይቀየምህም።

ቲቸር_ሳቢያን፦

አልቀየምም። ጥያቄው ግን ጥሩ ነው።

ጭራዎቹ ፍንጭ ይሰጣሉ፣ ሕግ ግን አይደሉም። «አፕ» ብዙ ጊዜ ጨርሶ ማድረግን ያሳያል። «ኢት» ብላ ነው፤ «ኢት አፕ» ጥርግ አድርገህ ብላ ነው። «ዩዝ» መጠቀም ነው፤ «ዩዝ አፕ» ተጠቅሞ መጨረስ። «ኦፍ» መለየትን ይወዳል። «ከት ኦፍ» ቆርጦ መለየት፣ «ድሮፕ ኦፍ» ሰውን አድርሶ ማውረድ፣ «ቴክ ኦፍ» ልብስ ማውለቅ፤ ለአውሮፕላን ከሆነ ከመሬት መነሳት። «አውት» ወደ ማለቁ ያደላል። ነዳጅ አልቆብን ቆምን ለማለት «ረን አውት» ነው።

የኢሜይሉም «ኦፍ» ከዚሁ ወገን ነው። ክፍያውን ከዛሬ አርቀው እንደማለት ነው።

ግን «ሜክ አፕ» ላይ ስትደርሱ ፍንጩ ይከዳችኋል። ታሪክ ፈጥሮ ማውራትም ነው፣ ከተጣሉት ጋር መታረቅም ነው፣ ፊት መኳኳልም ነው። ሦስቱን የሚያገናኝ ክር ፈልጌ አላውቅም፤ አንድ በአንድ ነው የማስተምረው።

ሌላው የሚያስቸግረን የቦታ ነገር ነው። መብራት አጥፋ ስትል «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ማለት ይቻላል፣ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ይቻላል። «እሱን» በሚለው ቃል ስትተካው ግን መሃል ነው የሚገባው፤ «ተርን ኢት ኦፍ»። «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። «ሉክ አፍተር» ደግሞ አይከፈትም። ልጁን ጠብቀው ለማለት «ሉክ አፍተር ሂም» ብቻ ነው። የትኛው እንደሚከፈት መዝገበ ቃላቱ ምሳሌው ላይ ያሳያል። ምሳሌውን እንጂ ትርጉሙን ብቻ አትሸምድዱ።

ታይዋን_ተራ፦

ቲቸር አንድ ነገር። «ኦፍ» ጠፋ ከሆነ፣ «ማይ አላርም ዌንት ኦፍ አት ሲክስ» ያለኝ ደንበኛ አላርሙ ጠፍቶ እንዴት በሰዓቱ ተነሳ?

የከዚራ_ጥላ፦

ጮኸ ማለቱ ነው። ይሄ ክፉ ነው። መብራት «ዌንት ኦፍ» ካለ ጠፋ ነው። አላርም «ዌንት ኦፍ» ካለ ጮኸ ነው። ቦምብ «ዌንት ኦፍ» ካለ ፈነዳ ነው። ወተት ከሆነ ተበላሸ ነው፤ ያ ደግሞ በእኛ ሙቀት እስከ ቀትርም አይቆይም። የጮኸውን አላርም ለማጥፋት «ተርን ኦፍ» ታደርገዋለህ። አንዱ «ኦፍ» ያስጮኻል፣ ሌላው ዝም ያሰኛል።

ነርስ_ከሐረር፦

የእናንተ ቼክ ይሻላል። እኛ ጋ አንድ ጭራ ለቅሶ ያስነሳል።

አንድ ሆስፒታል ውስጥ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ ሐኪም ነበረ። ከኮሪደሩ ሮጦ መጣና «ኦልድ ማን ፓስድ አውት» አለ። ሽማግሌው ራሱን ስቶ ወደቀ ማለቱ ነው። አጠገቤ የነበረው ተለማማጅ ግን «ፓስድ አዌይ» ነው የሰማው። ፊቱን አጥቁሮ ወደ ቤተሰቡ መራመድ ጀመረ። እጅጌውን ይዤ ባልመልሰው ኖሮ ልጆቹ ደረት ይመቱ ነበር። ሽማግሌው በደቂቃ ውስጥ ነቅቶ ውኃ ጠየቀ።

«ፓስ አውት» ራስን መሳት ነው። «ፓስ አዌይ» ማረፍ ነው፣ ማለትም መሞት በጨዋ አነጋገር። መቼስ እኛም አንታማም። አውሮፕላንም አረፈ፣ እንግዳም አረፈ፣ ሟችም አረፈ እንላለን። ከሕንድ የመጡ መምህራን ደግሞ «ፓስድ አውት» ሲሉ ተመረቀ ማለታቸው ነው። ሕንድ ውስጥ እንደዚያ ነው የሚባለው። የትምህርት ማስረጃ ላይ ስታዩት ተማሪው ወደቀ ብላችሁ አትዘኑ።

የሕመምተኛ ቋንቋ በእነዚህ የተሞላ ነው። «ስሮው አፕ» ማስመለስ ነው፣ «ስሮው አዌይ» መጣል። «ብሪንግ አፕ»ም ማስመለስ ይሆናል፤ ግን ልጅ ማሳደግም ነው፣ ስብሰባ ላይ ጉዳይ ማንሳትም ነው። «ካም ቱ» ካሉ ራሱን የሳተው ሰው ነቃ ነው። «ካም ዳውን ዊዝ» በሽታ ያዘው። «ዌር ኦፍ» የማደንዘዣው ወይም የማስታገሻው ኃይል ለቀቀ ነው። «ዎርን አውት» ያለህ ሕመምተኛ ግን ድካም ነው ያለበት፤ ጫማም ሲያልቅ ይኸው ቃል ነው።

ለምን በዚህ እንደምንቸገር ታውቃላችሁ? «ቮሚት» እና «ፌንት» ፈተና ላይ ይመጣሉ። ሰው ግን ሲያመው የፈተናውን ቃል አይጠቀምም።

ለገሃሬ_ሠፈር፦

ነርሷ ተባረኪ። እዚህ ቢሮ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ባልደረባዬ ግን አሁንም አልተረታም። «ወኪሉ እስከ ዓርብ ብሏል» ይላል። ኢሜይሉ ላይ «አንቲል ፍራይዴይ» ነው የሚለው። «ባይ ፍራይዴይ» ቢሆንስ ኖሮ ልዩነት አለው?

ቲቸር_ሳቢያን፦

የሰማይና የምድር። በአማርኛ ሁለቱም «እስከ» ስለሆነ ነው የማይታየን። «ፔይ ባይ ፍራይዴይ» ካለ ከዓርብ ሳታልፉ ክፈሉ ነው፤ ሰኞም ብትከፍሉ ይሆናል። «ሆልድ ኦፍ አንቲል ፍራይዴይ» ካለ እስከ ዓርብ ድረስ ሳትከፍሉ ቆዩ ነው። አንደኛው የመጨረሻ ቀን ነው። ሁለተኛው እስከዚያ የሚቀጥል ነገር ነው። ባልደረባህ እንዳይቸኩል ንገረው።

አስጎብኚ_ጀጎል፦

እኔ ደግሞ ስለ ፈሊጦቹ ልናገር። እንጀራዬ ከቱሪስት ጋር ነው።

ማታ ከሐረር ግንብ ውጭ ጅብ ሥጋ ሲበላ እናሳያለን። ቀን ላይ «ሰውየው ሥጋውን በእንጨት ላይ አድርጎ፣ እንጨቱን በአፉ ይዞ ያጎርሳል» ስላቸው «ዩ አር ፑሊንግ ማይ ሌግ!» ይላሉ። እግሬን እየጎተትክ ነው ማለት አይደለም። እየቀለድክብኝ ነው፣ እያሾፍክ ነው። ማታ ጅቡን ሲያዩ ዝም ይላሉ።

እግር በእንግሊዝኛ ብዙ ሥራ አለው። «ብሬክ ኤ ሌግ» እግርህን ስበር ይመስላል፣ ግን መድረክ ላይ ለሚወጣ ሰው መልካም ዕድል ነው። «ሼክ ኤ ሌግ» ቶሎ በል፣ ተንቀሳቀስ። ስፌት ሻጮቹ ጋ ሄደን ዋጋ ሲሰሙ «ኢት ኮስትስ አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ» ካሉ እጅና እግር ያስከፍላል፣ ማለትም እሳት ነው ዋጋው። እስከዚህ ድረስ ድርድር አለ። «ሪፕ ኦፍ» ካሉ ግን ሊዘርፉኝ ነው ማለታቸው ነው፤ ያኔ ሻጯ ዋጋ ካልቀነሰች ገበያው አበቃ። «አይል ስሊፕ ኦን ኢት» ካሉ ልደርበት ማለት ነው። እዚያው እንተኛለን አላሉም። «ስሊፕ ኢን» ካሉ ደግሞ ነገ አርፍደን እንነሳለን፣ በጠዋት አትምጣብን።

የምወደው ግን ፈረስ መጋላ ላይ የሆነው ነው። አንዱ ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ ስንዞር ርቦት «አይ ኩድ ኢት ኤ ሆርስ» አለ። ፈረስ እንኳ ብበላ አልጠግብም ማለቱ ነው። አንድ እንግሊዝኛ ትንሽ የሚሰማ ልጅ ሰምቶት «ፈረስ መጋላ ስለተባለ ፈረስ የሚሸጥ መስሎት ነው፤ እሱም ለመብላት!» ብሎ ለሠፈሩ አወራ። ሰውየውን ሳንቡሳ ቤት አስገብቼ አዳንኩት።

እነሱም በእኛ ይቸገራሉ ታዲያ። አማርኛ የምትማር አንዲት ጎብኚ «ዝም አለ» ላይ ደርሳ ቆመች። «አለ ማለት ተናገረ ነው ብለኸኛል። ዝም ካለ፣ ምን ብሎ ነው ያለው?» አለችኝ። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ቀጥ አለ፣ ደስ አለው፤ አንዱም ላይ የሚናገር ሰው የለም። መልስ አልነበረኝም። እንደ እናንተ «ጌት» ነው በይው አልኳት።

የመጋላ_እንኮይ፦

ከዚሁ ጋር የሚሄድ። «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» ቃል በቃል እጅ ስጠኝ ነው። በእኛ እጅ የሚሰጥ የተማረከ ነው። በእነሱ አግዘኝ ማለት ነው። «ጊቭ ሂም ኤ ቢግ ሃንድ» ከሆነ አጨብጭቡለት። መማረክን ከፈለግክ «ጊቭ ኢን» ነው ወይ «ጊቭ አፕ» ነው። ልዩነት አላቸው። «ጊቭ ኢን» የሌላ ሰው ግፊት ሲበዛብህ እሺ ስትል ነው። «ጊቭ አፕ» ተስፋ ቆርጠህ ስትተወው ነው፤ ሲጋራ ሲተውም ይኸው ነው።

«ጊቭ ዘ ኮልድ ሾልደር» የሚሉት ደግሞ እኛ ፊት ነሳኝ የምንለው ነው።

አቦ_ድሬ፦

እኔን የሚያስቁኝ የቅዝቃዜዎቹ ናቸው። «ጌት ኮልድ ፊት» እግር ቀዘቀዘ ማለት ሳይሆን የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ፈራ፣ ወደ ኋላ አለ ነው፤ ከሰርጉ እንደሚሸሽ ሙሽራ። ድሬ ላይ እግሩ የቀዘቀዘ ሰው አሳዩኝና ሙሽራውን እመልሳለሁ። «ብሬክ ዘ አይስ» ደግሞ ከማይተዋወቅ ሰው ጋር ጨዋታ መጀመር ነው። «አንደር ዘ ዌዘር» ትንሽ አሞኛል ነው። ግንቦት ላይ ከተማው በሙሉ «አንደር ዘ ዌዘር» ነው ዋሪያ።

ታይዋን_ተራ፦

ቁም ነገሩን ልናገር። ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ቀላል እንግሊዝኛ ይጻፍ። «ዌይት»፣ «ዶንት ፔይ»፣ አለቀ። እኔ ከቻይናዎቹ ጋር ዕቃ የምገዛው በዚያ ነው፤ ተግባብተን አናውቅም እንዳትሉኝ፣ ሱቄ ሙሉ ነው።

ቲቸር_ሳቢያን፦

ለመጻፍ ልክ ነህ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሁለት ሰዎች ሲጻጻፉ ፈሊጥ ባይኖር ይሻላል። ችግሩ የሚመጣልህን አንተ አትመርጥም። ወኪሉ «ሆልድ ኦፍ» ካለ አለ። ስለዚህ ለመስማት ብዙ ዕወቅ፣ ለመጻፍ ጥቂት ተጠቀም። ፈሊጡን ባታውቅ ሳቅ ያመልጥሃል። ፍሬዛል ቨርቡን፣ ማለትም ጭራ ያለውን ግስ፣ ባታውቅ ገንዘብ ያመልጥሃል።

የአፍ መፍቻቸው የሆኑትም እርስ በርስ ይጋጫሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝና የአሜሪካ አዛዦች ስብሰባ ላይ ሆነው አንድ ጉዳይ «ቴብል» ይደረግ አይደረግ ብለው ረጅም ክርክር ገጠሙ። በእንግሊዞቹ ዘንድ አሁኑኑ ይቅረብ ማለት ነው። በአሜሪካኖቹ ዘንድ ይቆይ፣ ወደ ጎን ይደረግ ማለት ነው። ሁለቱም የፈለጉት አንድ ነገር መሆኑ የገባቸው ብዙ ከተሟገቱ በኋላ ነው። ቸርችል ራሱ ጽፎታል። እንግዲህ የናንተ ቢሮ አያፍርም።

እንግዳ_ከሸገር፦

አንተ ቲቸር (እያልኩ ነው!)፣ የደብዳቤ መዝጊያው ላይ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር» ነው «ሂሪንግ»?

ቲቸር_ሳቢያን፦

«ሂሪንግ»። መልስህን በጉጉት እጠብቃለሁ ነው። እዚያ ያለው «ቱ» እንደ «ወደ» ያለ ነው እንጂ ግስ የሚያስከትለው «ቱ» አይደለም።

በዚሁ «ዩዝድ ቱ»ንም ያዙ። «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ሐረር» ካልክ ድሮ ሐረር እኖር ነበር፣ አሁን የለሁም። «አይ አም ዩዝድ ቱ ሊቪንግ ኢን ሐረር» ካልክ ሐረር መኖር ለምጃለሁ፣ አለሁ። የሥራ ማመልከቻ ላይ ይህቺ «አም» ከተረሳች ሰውን ከከተማ ታስወጣለች።

ለገሃሬ_ሠፈር፦

ወኪሉ መለሰልን። መርከቡ ዘግይቶ ነው፣ የወደቡ ሒሳብም ስለሚቀየር አዲስ ደረሰኝ ይልካል። የቆየነው በጀን። ባልደረባዬ «እኔም መጠበቅ ማለቴ ነበር» እያለ ነው፤ ቡናውን እሱ ይጋብዛል። ዓርብ የሚመጣውን ፎርም «ፊል ኢን» አድርጉ ብሏል፤ ባለፈው ደግሞ «ፊል አውት» ነበር ያለው። በሉ ጨርሱልኝ።

የከዚራ_ጥላ፦

ያው ናቸው፣ አትጨነቅ። አሜሪካኖቹ «ፊል አውት» ያበዛሉ። «ፊል አፕ» ካለህ ግን ቤንዚን ማደያ ነህ።

የመጋላ_እንኮይ፦

እኔም ልጠይቅ። «ሾው አፕ» እና «ሾው ኦፍ»ስ?

አቦ_ድሬ፦

«ሾው አፕ» ብቅ አለ፣ ተገኘ ነው። «ሾው ኦፍ» ጉራውን ነዛ። የድሬ ልጅ ሰርግ ላይ ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሠራቸዋል።